ጨብጥና በእጃችን የቀረችው መርፌ

በአገራችን ስለ አባላዘር በሽታዎች ሲነገር ለሁሉም እኩል ክብደት አይሰጣቸውም። ኤች.አይ.ቪ. ሲጠራ ፊት ይጠቁራል፤ ቂጥኝ ሲነሣ «አያድርስ» ይባላል፤ ጨብጥ ግን ከጉርምስና ጋር መጥቶ በጥቂት ኪኒን እንደሚሄድ ጉንፋን ይቆጠራል። በጋለ ድንጋይ ላይ ወይም ወደ ጨረቃ ዞሮ በመሽናት የሚይዝ ነው የሚለው የቆየ እምነትም ዛሬ ከአንዳንድ ሰው አንደበት አልጠፋም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ይህ ንቀት ቦታውን የሳተ መሆኑን ነው። ጨብጥን የሚያመጣው ባክቴሪያ ካለፉት ዘጠና ዓመታት ገደማ ወዲህ ሰው በስፋት የተጠቀመበትን መድኃኒት ሁሉ በየተራ ሲላመድ የኖረ ነው፤ ዛሬ በአገራችን ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ልንተማመንባት የምንችለው አንዲት መርፌ ብቻ ቀርታናለች። ይህችንም መርፌ የምንወጋው ዓይናችንን ጨፍነን ነው። አንባቢያን ልብ እንዲሉልን የምንሻው በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ነው።

የበሽታው ዓለም አቀፍ ስም ራሱ በተሳሳተ ግምት ላይ የቆመ ነው። ጥንታዊው የግሪክ ሐኪም ጋሌን ከሕመምተኛው ብልት የሚወጣውን መግል የዘር ፈሳሽ መስሎት «የዘር መፍሰስ» የሚል ፍቺ ያለውን ጎኖሪያ የተባለውን ስም ሰጠው፤ ዓለምም እስከ ዛሬ በዚሁ ይጠራዋል። የእኛው «አባላዘር» ከግእዙ «አባለ ዘር» የመጣ በመሆኑ የሚናገረው ስለ አካሉ እንጂ ስለ ፈሳሹ ምንነት አይደለም፤ በዚህ ረገድ ከጋሌን ይልቅ ጠንቃቃ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። እውነተኛውን ተጠያቂ በ1879 ያገኘው አልበርት ናይሰር የተባለ የ24 ዓመት ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ናይሰር በማይክሮስኮፕ ያያቸው ረቂቅ ፍጥረታት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታያሉ፤ ሁለት የቡና ፍሬዎች በጠፍጣፋ ጎናቸው ፊት ለፊት ሲገጠሙ የሚኖራቸውን ቅርጽ ይመስላሉ፤ ብዙውን ጊዜም በመግሉ ነጭ የደም ህዋሳት ውስጥ ተጨናንቀው ይገኛሉ። ባክቴሪያው በአግኚው ስም ናይሴሪያ ጎኖሪያ ተብሎ ተሰየመ።

ይህ ባክቴሪያ በተፈጥሮ ከሰው በቀር ማደሪያ የለውም። በአፈርም ሆነ በውሃ አይኖርም፤ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ በቶሎ ይሞታል። እንዲህ ያለ ልፍስፍስ ፍጥረት እንዴት ሊቸግረን ቻለ ብሎ የሚጠይቅ አይታጣም። መልሱ በሁለት ጠባዮቹ ውስጥ ይገኛል። አንደኛ፣ በላዩ ላይ ያሉትን ፀጉር መሰል ክሮች የሚሠሩትን ፕሮቲኖች ዘወትር ስለሚለዋውጥ ሰውነታችን ዛሬ ያወቀውን መልክ ነገ አያገኘውም፤ በመሆኑም አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ደግሞ ከመታመም አይድንም። ሁለተኛው ጠባይ ከዚህ የከፋ ነው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች የባዕድ ዘረመል ወደ ውስጣቸው የሚያስገቡት አልፎ አልፎ ወይም በልዩ ሁኔታ ሲሆን፣ ይህኛው ግን በዙሪያው የሞቱ ባክቴሪያዎች የበተኑትን ዲ.ኤን.ኤ. በማናቸውም ጊዜ እየለቀመ ከራሱ ጋር ያዋህዳል። በተለይ የሚመርጠው የዘመዶቹን ነው፤ በናይሴሪያ ወገን ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ተደጋግሞ የሚገኝ አጭር የመለያ ቅደም ተከተል አለና ያንን እያየ ይወስዳል። የዘመዶቹ መኖሪያ ደግሞ የሁላችንም ጉሮሮ ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

አሁን የመድኃኒቶቹን ታሪክ እንይ። ሰልፎናማይድ የተባሉት መድኃኒቶች በ1930ዎቹ አጋማሽ ሲመጡ የጨብጥ ነገር ያበቃለት መስሎ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ ብዙው ባክቴሪያ ተላመዳቸው። ደግነቱ ፔኒሲሊን ደረሰ። በ1940ዎቹ አንድን ሕመምተኛ ለማዳን ከ200 ሺህ ዩኒት በታች የሆነ ፔኒሲሊን ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ባክቴሪያው ቀስ በቀስ እየጠነከረ፣ ሐኪሞችም መጠኑን እየጨመሩ ሄደው በ1970ዎቹ መጀመሪያ 4.8 ሚሊዮን ዩኒት መውጋት ግድ ሆነ። መድኃኒቱ ይሠራል እየተባለ ከሃያ እጥፍ በላይ ጨምሯል ማለት ነው! በ1976 ደግሞ ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም የታጠቁ ባክቴሪያዎች በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ተገኙ። የአንዱ ወገን ምንጭ ወደ ሩቅ ምሥራቅ፣ የሌላው ወደ ምዕራብ አፍሪካ ያመለከተ ሲሆን ኢንዛይሙን የሚያዝዘው ዘረመል የተጫነው ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በቀላሉ በሚተላለፍ ፕላዝሚድ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ መጠን መጨመር ትርጉም አልነበረውም።

የሌሎቹን ዕጣ በአጭሩ እንለፈው። ስፔክቲኖማይሲን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኮሪያ ለነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ዋነኛ መድኃኒት ተደርጎ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ መክሸፍ ጀመረ። ቴትራሳይክሊንን ፈጽሞ የሚቋቋም ሌላ ፕላዝሚድ በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ብቅ አለ። በአገራችንም እንደ ዳቦ የሚሸጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን በ1990ዎቹ ከእስያ ጀምሮ ኃይሉን እያጣ መጥቶ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2007 ለጨብጥ እንዳይታዘዝ መከረ። የሚዋጠው ሴፊክሲምም በ2012 ከቀዳሚ ምርጫነት ወረደ። የቀረው በጡንቻ የሚወጋው ሴፍትሪያክሰን ነው።

ሴፍትሪያክሰንም የፔኒሲሊንን መንገድ ይዟል ብለን እንድንሰጋ የሚያደርገን የመጠኑ ጉዞ ነው። በአሜሪካ መመሪያዎች በ2006 የሚመከረው 125 ሚሊግራም ነበር፤ በ2010 ወደ 250፣ በ2020 ወደ 500 ከፍ አለ። በሌሎች አገሮች አንድ ግራም የሚሰጥበት አለ። እርግጥ ነው፣ መጠኑ የጨመረው ባክቴሪያው በየቦታው ስላሸነፈ ሳይሆን ቀድሞ ለመጠንቀቅና መድኃኒቱ በቀላሉ በማይደርስበት በጉሮሮ ያለውንም ለማጥፋት ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያዎቹ መጥተዋል። በ2009 በጃፓን ኪዮቶ ከአንዲት ሴት ጉሮሮ የተወሰደው ባክቴሪያ ለሴፍትሪያክሰን የማይበገር ሆኖ ተገኘ። በ2015 በዚያው በጃፓን የታየው ሌላ ዝርያ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ በአውሮፓ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ ተመዘገበ። በ2018 ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ እንግሊዝ የተመለሰ አንድ ሰው በሴፍትሪያክሰን ሳይድን ቀርቶ በሆስፒታል በደም ሥር በሚሰጥ ኤርታፔነም በተባለ መድኃኒት ነው የተረፈው። ለጨብጥ ሆስፒታል መተኛትን አያቶቻችን ያውቁት ይሆናል፤ እኛ ግን ረስተነው ነበር።

ቀድሞ ብርቅ የነበረው ነገር አሁን በቁጥር መነገር ጀምሯል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ብቻ 82 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በጨብጥ እንደተያዙ ይገምታል። ድርጅቱ ከተወሰኑ አገሮች ጋር በሚያካሂደው የተጠናከረ ቅኝት፣ ከ2022 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ሴፍትሪያክሰንን የተላመደው ባክቴሪያ ከ0.8 በመቶ ወደ 5 በመቶ፣ ሴፊክሲምን የተላመደው ከ1.7 ወደ 11 በመቶ ማደጉን አስታውቋል። የሲፕሮፍሎክሳሲን ነገር ከእንግዲህ የሚያከራክር አይደለም፤ 95 በመቶው ተላምዶታል። ከፍተኛው መጠን የታየው በካምቦዲያና በቬትናም ነው። በ2024 መረጃ ከሰጡት 12 አገሮች መካከል ከአፍሪካ ማላዊ፣ ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ይገኙበታል። የኢትዮጵያ ስም በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ ወደ ጉሮሮው እንመለስ። ሴፍትሪያክሰንን የሚቋቋሙት ዝርያዎች አብዛኞቹ የሚጋሩት አንድ ዘረመል አለ፤ መድኃኒቱ የሚያጠቃውን የህዋስ ግድግዳ ገንቢ ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ነው። ይህ ዘረመል ሲመረመር ከልዩ ልዩ ጨርቅ እንደተጣጣፈ ድሪቶ ሆኖ ይገኛል፤ ቁርጥራጮቹ የመጡት በሰው ጉሮሮ ያለ ጉዳት ከሚኖሩት የናይሴሪያ ዘመዶች ነው። እነዚህ ሰላማውያን ባክቴሪያዎች የአባላዘር በሽታ አያመጡም፤ ነገር ግን ሰውየው ለሳል፣ ለጉንፋን፣ ለጥርስ ሕመም በወሰደው አንቲባዮቲክ ሁሉ ይመታሉ። ከመካከላቸው የተረፉት የተላመዱት ናቸው። ጨብጥ አምጪው ባክቴሪያ ወደ ጉሮሮ በደረሰ ጊዜ ሌሎች የተማሩትን ከሜዳ ያገኘዋል።

ስለዚህ ባክቴሪያውን የምናስተምረው ጨብጥን ስናክም ብቻ አይደለም። ለቫይረስ ጉንፋን አሞክሳሲሊን የሚገዛው ቤተሰብ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው መድኃኒት ቤት፣ ለገባውም ላልገባውም ሕመምተኛ ሴፍትሪያክሰን የሚያዝዘው ሆስፒታል ሁሉም የመምህርነት ድርሻ አላቸው። በአገራችን ሆስፒታሎች የተካሄዱ የመድኃኒት አጠቃቀም ግምገማዎች የሴፍትሪያክሰን አሰጣጥ በብዙ ሁኔታ ከመመሪያ የወጣ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። የመጨረሻዋ መርፌ የምትባለው መድኃኒት በተኝቶ ሕክምና ክፍሎቻችን የመጀመሪያዋ ሆናለች። ይህ ለእኛ ከማናቸውም በላይ የሚያሳስብ ነው፤ የጨብጥ ሕመምተኞችን ብቻ በመምከር የሚቃለል አይደለምና።

የሕክምናውን ሥርዓት በተመለከተ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሠራበት ዘዴ በምልክቶች ላይ የተመሠረተ ሕክምና ይባላል። ከብልቱ ፈሳሽ የሚወጣ ወንድ ሲመጣ ባለሙያው ላቦራቶሪ ሳይጠብቅ የጨብጥንና የክላሚዲያን መድኃኒት በአንድነት ሰጥቶ ያሰናብተዋል። ይህ አሠራር ከስንፍና የመጣ አይደለም። ሕመምተኛው ውጤት ለመውሰድ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል፤ እስኪመጣም ለሌሎች ያስተላልፋል። በታንዛኒያ በምዋንዛ ክፍለ ሀገር የተካሄደውና በ1995 የታተመው ጥናት፣ በዚህ መልክ የተሻሻለ የአባላዘር ሕክምና አዲስ የኤች.አይ.ቪ. መያዝን በ40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ዘዴው ሕይወት አድኗል። ይወገድ የሚል ካለ እኛ ከእርሱ ጋር አይደለንም።

ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ ዕውር ነው። የመጀመሪያው ሴቶች ናቸው። ብዙ ሴቶች ጨብጥ ይዟቸው ምንም ምልክት አይታይባቸውም፤ ፈሳሽ የሚታይባቸው ደግሞ በአብዛኛው ምክንያቱ ሌላ ነው። በዚህ የተነሣ የታመመችው ሳትታከም ትቀራለች፤ ያልታመመችው የማያስፈልጋትን መድኃኒት ትወስዳለች። ያልታከመው ኢንፌክሽን ወደ ማኅፀን ቱቦዎች ወጥቶ ጠባሳ ሲተው መዘዙ መካንነት ወይም ከማኅፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ነው። ልጅ ባለመውለዷ ከትዳሯ የምትወጣው ሴት ምክንያቱ ከዓመታት በፊት ባሏ ከመድኃኒት ቤት «ያቺን የተለመደችዋን ስጠኝ» ብሎ ገዝቶ ለብቻው የዋጣት ኪኒን ልትሆን እንደምትችል ማን ይነግራታል? ኪኒኗ ለእርሱ ሠርታ ይሆናል፤ ለእርሷ ግን የሰጣት የለም።

ዕዳው ለሚወለደውም ይተርፋል። በጨብጥ ከተያዘች እናት የሚወለድ ሕፃን ዓይኑ በመግል ተሞልቶ ሊታወር ይችላል። ጀርመናዊው የማኅፀን ሐኪም ካርል ክሬዴ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በጨቅላዎች ዓይን የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ በማድረግ በሆስፒታሉ ከመቶ ሕፃናት አሥሩን ያህል ይይዝ የነበረውን በሽታ ወደ አንድና ከዚያ በታች አወረደው። የእኛ አዋላጆች ዛሬ የሚቀቡት የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው። በጋምቤላና በጎንደር ሕመምተኞች ላይ ተካሂደው በ2016 እና በ2018 የታተሙ ጥናቶች ደግሞ የአገራችን ባክቴሪያ ፔኒሲሊንንና ቴትራሳይክሊንን በእጅጉ መላመዱን ያመለክታሉ። በዓይን ላይ የሚቀባው መጠን በደም ውስጥ ከሚገኘው እጅግ ስለሚበልጥ ከዚህ ተነሥቶ ቅባቱ አይሠራም ማለት አይቻልም፤ አራስ እናቶችም ቅባቱን እንዳይተዉ አደራ እንላለን። ጥያቄው ግን መልስ የሚሻ ነው፤ መልሱም ከላቦራቶሪ በቀር ከየትም አይገኝም።

ሁለተኛው ዕውርነት ይኸው ነው። ሕመምተኛው ናሙና ሳይሰጥ መድኃኒት ስለሚወስድ በአገሪቱ የሚዘዋወረው ባክቴሪያ ምን እንደተላመደ የምናውቅበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2017 የጀርሞችን በመድኃኒት መላመድ የሚከታተል ብሔራዊ ቅኝት ጀምሯል፤ ነገር ግን ያልተወሰደ ናሙና ወደ ምንም ዓይነት ቅኝት ሊገባ አይችልም። ለሳንባ ነቀርሳ ተብለው በየሆስፒታሉ የተተከሉት የጂን-ኤክስፐርት መሣሪያዎች ተስማሚው ካርትሪጅ ከቀረበላቸው ጨብጥንና ክላሚዲያን መለየት ይችላሉ፤ ይህ ለሴቶች ትልቅ ጥቅም ነው። መላመዱን ግን አይነግሩንም። ለዚያ ባክቴሪያው በሕይወት ተይዞ መራባት አለበት።

ማራባቱ ከባድ ነው የሚለውን ሰበብ በተማሪነታችን ሁላችንም ሰምተነዋል። ባክቴሪያው በእርግጥ አስቸጋሪ ነው፤ ምግብ ይመርጣል፤ ሙቀቱ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ እንዲሆንለት፣ አየሩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት እንዲሆንለት ይሻል። የሚያድግበት ምግብ ቸኮሌት አጋር ይባላል፤ ስሙን ሰምቶ የሚጎመጅ ካለ በውስጡ ቸኮሌት እንደሌለ እናስታውቃለን፤ በሙቀት ቡናማ የሆነ የበግ ደም ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ነገር በተመለከተ ግን ውድ ማሽን አያስፈልግም። ሳህኖቹን ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጦ ሻማ ለኩሶ መክደን ነው፤ ሻማው በራሱ ጊዜ ሲጠፋ በብልቃጡ ውስጥ የሚቀረው አየር 3 በመቶ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይኖረዋል፤ ለባክቴሪያው ይበቃዋል። ይህ ዘዴ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ነው።

ምን ያህል ናሙና ያስፈልጋል? ሁሉንም ሕመምተኛ መመርመር አያሻም፤ ሕክምናውም መዘግየት የለበትም። ናሙናው ተወስዶ መርፌው በዚያው ሰዓት ይሰጣል። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ መድኃኒት ከ5 በመቶ በላይ ሲከሽፍ እንዲለወጥ ይመክራል። አንድ የቅኝት ጣቢያ በዓመት ከፈሳሽ ታማሚ ወንዶች 100 ባክቴሪያ አርብቶ ሴፍትሪያክሰንን የተላመደ አንድም ባያገኝ፣ እውነተኛው መጠን ከ3 በመቶ በታች ነው ብሎ በ95 በመቶ እርግጠኝነት መናገር ይቻላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሦስትን ለናሙናው ብዛት ማካፈል ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳና መቀሌ እያንዳንዳቸው መቶ መቶ ቢይዙ መድኃኒቱን እንቀጥል ወይስ እንለውጥ የሚለው ክርክር በግምት ሳይሆን በቁጥር ይሆናል። የማይክሮባዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች ባሉበት ከተማ ሁሉ ለሁለተኛ ዲግሪ ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎች አሉ፤ ዛሬ አንዱ ጀምሮት የሚያልቀው ጥናት በየዓመቱ በሚተካ ተማሪ ቢቀጥል ቅኝት ይሆናል።

አዳዲስ መድኃኒቶች ስለመጡ ይህ ሁሉ ድካም ምን ይሠራል የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2025 መጨረሻ ላይ ዞሊፍሎዳሲንና ጌፖቲዳሲን የተባሉ ሁለት የሚዋጡ መድኃኒቶችን ለጨብጥ ፈቅዷል፤ ለዚህ በሽታ አዲስ ዓይነት መድኃኒት ሲገኝ ከብዙ አሥርት ዓመታት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ለማጅራት ገትር የተሠራውን የቢ ዓይነት ክትባት ይበልጥ ለተጋለጡ ወገኖች መስጠት ጀምራለች፤ ጨብጥን የሚከላከለው ከ30 እስከ 40 በመቶ ያህል ነው ተብሎ ይታሰባል። ደስ ብሎናል። ነገር ግን እነዚህ መድኃኒቶች ወደ እኛ ሲደርሱ፣ መቼ ወደ እነርሱ መሻገር እንዳለብን የሚነግረን ያው የላቦራቶሪ ሳህን ነው። ያለ ቁጥር ቀድመን ብንሻገር እናባክናቸዋለን፤ ዘግይተን ብንሻገር ደግሞ በመካከል የማይድን መርፌ የተወጉ ሰዎች ይኖራሉ።

የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች ዘርዝረን አይተናል። ማሞቂያ ሣጥኑ በየትምህርት ክፍሉ አለ። ብልቃጥና ሻማ ከገበያ ይገኛል። የመድኃኒት መፈተሻ ወረቀቶቹና አጋሩ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃሉ፤ ለአምስት መቶ ናሙና የሚሆን ግን አንድ ፋኩልቲ ሊሸፍነው የማይችል አይደለም። ዘወትር ጎድሎ የሚያስቸግረው የበግ ደም ነው፤ ለዚህም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶቻችንን ብንጠይቅ በግ የሚያጡ አይመስለንም።